አበልጅ በግራ መስመር

ከኋላ የሚቆሙትን አራት ሰዎች ማን በየት በኩል እንደሚቆም እንድወስን የተመረጥሁት ኳስ አውቅ ስለነበር አይደለም። ኳስን በቅርብ የማውቃት በቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ከሜዳው ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጬ ሳነብ እየተንከባለለች እግሬ ሥር ስትመጣ ነው። አንሥቼ በእጄ እወረውርላቸው ነበር። በእግሬ መልሼላቸው አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ካቡን አልተውሁትም። የወረዳው የመንግሥት ሠራተኞች ቡድን በዚያው ሜዳ ይለማመድ ስለነበር ሠራተኞቹ ሲጣሉ፣ ሲታረቁና እንደገና ሲጣሉ እሰማ ነበር። አሰልጣኝ የሆነ ሁሉ ለራሱ መሥሪያ ቤት ያዳላል ይባላል። የግብርናው ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ተሰላፊው ሁሉ ከግብርና ሆነ፤ የፍርድ ቤቱ ሰው ሲተካው ችሎት አስከባሪው ሳይቀር መለያ ለበሰ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤት የሌለው ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። የማልናገር ስለሆንሁ የማላዳላ መሰልኋቸው። ዝም ያለ ሰው ወገን የሌለው ይመስላቸዋል፤ እኔም ግምታቸውን አላረምሁም። ጊዜው መንገዱ እንደ ዛሬው ሳይሆን፣ በጠዋት ተነሥቶ ሞጣ ውሎ መመለስ ማንንም የማያስጨንቅበት ጊዜ ነበር።

ቡድኑ ከሞጣ የመንግሥት ሠራተኞች ጋር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ይጋጠማል፤ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ፣ በሚቀጥለው እነርሱ ዘንድ። ያሸነፈ ለሽልማት የቀረበውን ሰንጋ ይወስዳል። በዚህ ግጥሚያ አሰልጣኙን የሚያስጨንቀው የኋላ መስመሩ ነው። አጥቂ ከሰው ይሸሻል፤ ተከላካይ ግን ሰው ላይ ይሄዳል። ሰው ላይ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚሄድበት ሰው ምኑ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በቢቸናና በሞጣ መካከል የጋብቻ፣ የማኅበርና የአበልጅነት ገመድ ያልተዘረጋበት ቤት ጥቂት ነው። ከእኔ በፊት በነበረ ዓመት የቀኝ ተከላካያችን የሚስቱ ታላቅ ወንድም ኳስ እየነዳ ሲመጣበት ቆሞ መንገድ ለቀቀለት። በረኛው ሲጮህበት፣ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ነገ የእናቱ ቤት እገባለሁ እኮ» ብሎ መለሰለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ተከላካይ ከመመደቡ በፊት አሰልጣኙ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቶ ከሞጣ ማን ምኑ እንደሆነ ይጠይቃል። ዘመዱን ፊት ለፊት የሚያገኝ ሰው ወደ ሌላ ጎን ይዛወራል። ሥርዓቱ ይህ ነበር፤ እኔም ተቀበልሁት።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። እንደሚዋሹኝ ዐውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት ውሸቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። ዝምድናቸውን የሚደብቁ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው የውሸት ዝምድና ይዞ ገባ። የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኝ ይቆማል፤ በሞጣ በኩል የሚገጥመው በፍጥነቱ የታወቀ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነው። ይህ ልጅ የባለቤቱ የአጎት ልጅ እንደሆነና ዝምድናው እንደሚከብደው በኀዘን ድምፅ ነገረኝ። እሺ አልሁት። በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝቼው ስለዚያ ስለ አጎት ልጅ ብጠይቀው የአክስት ልጅ አደረገው።

«አጎት ነው ወይስ አክስት?» አልሁት።

«መምህር፣ ቤተሰቡ ሰፊ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ዝምድና የሚደበቅ ብቻ ሳይሆን የሚፈጠርም ነገር መሆኑን ተረዳሁ። ፈጣን ሰው የሚፈራ ተከላካይ ዝምድናን ጋሻ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ጀመርሁ።

አምበሉ የቴክኒክና ሙያ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ ነው፤ መሃል ይቆማል። ከሞጣ ጋር የሚያገናኘው ይህ መንገድ ብቻ እንደሆነ ነግሮኝ ሣቀ። ከእርሱ ጎን የሚቆመው ረጅም የግብርና ባለሙያም ማንም እንደሌለው ተናገረ። እነዚህን አመንኋቸው ማለት አይደለም፤ የሚጠቅማቸው ውሸት አልታየኝም ማለት ነው።

በመጨረሻ የግራ ተከላካያችን፣ ነርሱ፣ ገባ። የየጥኖራ ሰው ነው፤ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመድቦ ይሠራል፤ ሜዳ ላይ ሁሉም ዶክተር ይሉታል። በግራ እግሩ የሚጫወት ሌላ ሰው ስለሌለን የግራ መስመሩ ያለ ክርክር የእርሱ ነበር። ባለቤቱ ሞጣ ታስተምራለች። ወደዚያ ለመዛወር ማመልከቻ ካስገባ ቆይቷል፤ መልስ አልመጣለትም። በገና ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳለት ሁላችንም እንኳን ማርያም ማረችልህ ብለነዋል።

«መምህር፣ ዘንድሮ መሃል ብቆም ደስ ይለኛል» አለኝ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሞጣ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሾፌር፣ አበልጁ መሆኑን ነገረኝ። ልጁን ክርስትና ያነሣለት እርሱ ስለሆነ ሊጋጨው እንደማይችል አስረዳኝ።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። በገና ሰሞን የተወለደ ልጅ አርባው የሚሞላው ከግጥሚያው በኋላ ነው። ገና ያልተጠመቀ ልጅ የክርስትና አባት የለውም፤ የክርስትና አባት ከሌለ አበልጅም የለም። ይህን አልነገርሁትም። እሺ ብዬ አሰናበትሁት። ውሸት ሲነገረኝ እሺ ማለት የቆየ ልማዴ ነው፤ እሺ የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገውን ብዙም ሳይደብቅ ያደርጋል።

ለምን እንደዋሸኝ ግን ብዙ አሰብሁ። የገቢዎቹ ሰው ፍጥነት ፈርቶ ነው። ይህ ሰው ግን ማንንም የሚፈራ አልነበረም። ዝውውሩን የሚፈቅዱለት የሞጣ ሰዎች ናቸው፤ ታዲያ የሞጣን የቀኝ ክንፍ ከራሱ አርቆ ለደካማ ሰው ቢያስረክበው ውለታው ይቆጠርለት ይሆን? አምበሉን ሳማክረው የእኔን ጥርጣሬ ከእኔ ቀድሞ ይዞት አገኘሁት።

«ዶክተራችን ልቡ ከወዲያ ነው መምህር» አለኝ። «እኛ የምናሰልፈው አካሉን ብቻ ነው።»

ዐልፎ ዐልፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ወርቅ እሄዳለሁ። በወጣትነቴ ቅኔ የተማርሁት በዚያ አካባቢ ነው፤ አብሮኝ የተማረ አንድ አረጋዊ እዚያ አለ፤ ተቀምጠን ብዙ ሳንነጋገር እንውላለን። በዚያ ሳምንትም ስሄድ ገበያው ዳር፣ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ነርሱንና የሞጣውን ሾፌር አብረው ተቀምጠው አየኋቸው። ደብረ ወርቅ የሁለቱ ከተሞች መካከል ነው፤ ሁለት ሰዎች ከየከተማቸው ዕይታ ርቀው መገናኘት ቢፈልጉ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ነርሱ ለአራሷ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ማር ሾፌሩ መኪና ላይ ሲጭን ተመለከትሁ። ይህ ያስጠረጠረኝ አልነበረም። ያስጠረጠረኝ ሾፌሩ እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ «ዘንድሮም ግራ ነህ አይደል?» ሲለው መስማቴ ነው። ነርሱ ምን እንደመለሰ በመካከላችን ያለፈ አይሱዙ አላሰማኝም።

ሰኞ ዕለት ክፍሉ ውስጥ አስጠራሁት።

«ልጅህ አርባ ሞላው እንዴ?» አልሁት።

ወዲያው ገባው። ቃል መገባባታቸውን፣ ለእርሱ ደግሞ ቃሉ እንደሚበቃው፣ ሰውየውን ከአሁኑ እንደ አበልጅ እንደሚያየው ተናገረ። ሲናገር ዓይኑን አልሰበረም። ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። በእኛ አገር ልጁን የሚያነሣለትን ሰው የሚፈልግና የሚለምን አባት ነው። ልጅህን ላንሣልህ ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው የለም አይባልም፤ ነገር ግን ብርቅ ነው፤ ምክንያትም አለው።

«ማን ቀድሞ ጠየቀ? አንተ ወይስ እርሱ?»

«እርሱ ነው» አለ።

«መቼ?»

«የግጥሚያው ቀን ከታወቀ በኋላ።»

አሰናበትሁት። በሩ ጋ ሲደርስ መለስ ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ የእኔ ጥርጣሬ ከእኔ ወጥቶ እርሱ ውስጥ መግባቱን ፊቱ ላይ አነበብሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእርሱ ጭንቀት አበልጁን እንዳይጎዳ ነበር። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን አበልጁ የፈለገው ምን እንደሆነ ማወቅ ሆነ።

ከሁለት ቀን በኋላ ካቡ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ።

«ግራ ላይ ያቁሙኝ» አለኝ።

«መሃል ብለህ አልነበር?»

«ጥያቄዎን ይዤው ቤቴ ገባሁ መምህር። ልጄን የሚያነሣው ሰው የፈለገው እኔን ነው ወይስ የግራ መስመሩን? ይህን ሳላውቅ ልጄን አላስይዘውም። ፊት ለፊት ያቁሙኝ። እንደ ማንም እገጥመዋለሁ። ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከመጣ እሰየው፤ ከቀረም አሁን መቅረቱ ይሻላል።»

ንግግሩ ያማረ ነበር። ያማረ ንግግር ደግሞ ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያማረ ንግግር ሳስተምር ኖሬያለሁና። ይህም ከሾፌሩ ጋር የተመከረበት ሊሆን ይችላል፤ ግራ ከቆመ ለሾፌሩ በር መክፈቻው ያው ግራው ነው። ቢሆንም መሃል ባቆመው የግራ መስመሩን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። የማላምነውን ሰው በሚታይበት ቦታ ማቆም ከማይታይበት ይሻላል ብዬ ወሰንሁ። መስመሩን እንዲህ አደረግሁት፦ ነርሱ ግራ፣ አምበሉና የግብርናው ሰው መሃል፣ የገቢዎቹ ሰው ቀኝ። የገቢዎቹ ሰው የባለቤቱን ዘመድ ዳግመኛ ሲያነሣብኝ ሞጣ ስንደርስ እንዲያስተዋውቀን ለመንሁት። ሌሎቹ ሣቁበት፤ እርሱም ነገሩን ተወው።

ሞጣ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። የሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቶታል። ሁለቱ ቡድኖች ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ የጠበቅሁት አልሆነም። ሾፌሩ በቀኝ ክንፍ አልቆመም። በሜዳው ወርድ ተሻግሮ በግራ ክንፍ፣ በእኛ የገቢዎች ሰው ፊት ቆመ። በእርሱ ፋንታ ወደ ነርሱ በኩል የመጣው፣ ያው የአጎት ልጅ የተባለው፣ የዚያን ዕለት ግን ቁርጭምጭሚቱን አስሮ የሚያነክስ ወጣት ነበር። የገቢዎቹ ሰው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የፈጠረው ዝምድና አሁን ፊቱ ወደ ቆመው ወደ ሾፌሩ አልተሻገረለትም።

ኳሱ ሁሉ በዚያ በኩል ሄደ። ነርሱ በግራ መስመሩ ላይ ያለ ሥራ ቆሞ ዋለ። ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው፣ «ዶክተር፣ ሕመምተኛህ በወዲያኛው አልጋ ላይ ነው» እያለ ይጠራው ነበር፤ ሰዉ ይሥቃል። ሾፌሩ የገቢዎቹን ሰው ደጋግሞ አለፈው፤ በአንደኛው አልፎ ያሻማትን ኳስ የእነርሱ አጥቂ በግንባሩ አስገባት።

እኔ ግቡን አላየሁም። የማየው ነርሱን ነበር። ግቡ ሲገባ አንገቱን ደፋ፤ ያዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ የሚያውቀው ነገር የተፈጸመለት ሰውም እንዲህ ያደርጋል።

በዕረፍት ሰዓት አምበሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አሰላለፋችንን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ባይነግራቸው ኖሮ ሾፌሩ እንደማይሻገር ነገረኝ። አሰላለፉን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ነርሱን ለብቻው ወሰድሁት።

«ግራ እንደምትቆም ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ» አለ፣ ምንም ሳያቅማማ። «ትናንት ደውሎ ጠየቀኝ፤ ግራ ነኝ አልሁት። አበልጄ ይሆናል የምለውን ሰው ልዋሸው?»

«ለምን እንደጠየቀህስ ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁትም።» ዝቅ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ እንደገና ማሰር ጀመረ። «ከእኔ ለመሸሽ ይሆናል የተሻገረው። ደካማውን ሰው ፈልጎም ይሆናል። ከዚህ ሆኜ ላውቀው አልችልም። ቀኝ ያድርጉኝ። እርሱ ወዳለበት።»

አምበሉ ከሩቅ ራሱን እየነቀነቀ እንዳላደርገው ምልክት ይሰጠኛል። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በግራ እግሩ የሚጫወትን ሰው ቀኝ ማቆም በኳስ ሕግ አይመከርም፤ ሚስጥራችንን ያወጣብንን ሰው ደግሞ ሚስጥሩን ወደ ነገረው ሰው ማስጠጋት በማንም ሕግ አይመከርም። ከሽንፈት የሚያድነንን ትቼ እውነቱን የሚያሳውቀንን መረጥሁ። ሁለቱን አለዋወጥኋቸው። የገቢዎቹ ሰው ወደሚያነክሰው ወጣት ሲሄድ ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ አልረሳውም።

በሁለተኛው አጋማሽ ሾፌሩ የሚመጣበትን ሰው ሲያይ እንደመቆም አለ። ከዚያ ኳሷን ይዞ መጣ። ነርሱ በማያመቸው እግሩ ገብቶ ነጠቀው። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ነጠቀው። ተመልካቹ መሣቁን ተወ፤ ሞጣ ውስጥ ሁለቱ ሊዛመዱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሾፌሩ ኳሷን አርቆ መትቶ ተከተላት፤ ነርሱም ከጎን ተወርውሮ ገባ። ኳሷ ከሜዳ ወጣች፤ ሾፌሩ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ተጠቀለለ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ።

ነርሱ ተንበርክኮ እግሩን በሁለት እጁ ያዘና ይዳስሰው ጀመር። እዚያ ላይ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። ሾፌሩ እግሩን ከእጁ አስለቀቀ። አንድ ነገር ተናገረው፤ አልሰማሁም። ከዚያ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አወጡት፤ ወደ ኋላው ዞሮ አላየም። ጨዋታው በዚያችው ግብ አለቀ፤ ሰንጋውም ሞጣ ቀረ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ነርሱ ላይ ወደቀ። እርሱ ራሱ ሞጣ ከባለቤቱ ዘንድ ስለቀረ የሚመልስላቸው አልነበረም። አንዱ አሰላለፉን የሸጠ እርሱ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ ሸጦ ኖሮ እግሩን አይሰብርበትም ነበር አለ። አምበሉ ለሁለቱም የሚሆን መልስ ነበረው፤ መሸጡም መስበሩም ተነጋግረው ነው አለ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ሁሉም ወደ እኔ መመልከታቸውን አወቅሁ።

«ሰዉ የት የት እንደሚቆም የወሰንሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «የሚጠየቅ ካለ እኔ እጠየቃለሁ።»

የጠየቀኝ አልነበረም። እኔን መጠየቅ ማንም አልለመደም።

በሳምንቱ ነርሱ ደውሎ ለክርስትናው እንድመጣ ለመነኝ። ከሾፌሩ የመጣ ወሬ እንዳለ ጠየቅሁት። ሁለት ጊዜ እንደደወለለትና እንዳላነሣ፣ እግሩ አብጦ ቤት እንደዋለ ከሰው መስማቱን፣ ባለቤቱ ደግሞ ሄደህ ይቅርታ በል እያለች እንደምትወተውተው ነገረኝ። አልሄድም ብሏታል። «በኳሱ አልበደልሁትም» አለኝ። «ከሄድሁ የሚመጣው ስለለመንሁት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ሳልለምነው ይመጣ እንደሆነ ነው።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰውየው ከቀረ ልጁን እኔ እንዳነሣለት ጠየቀኝ። ተቀያሪ መሆኔ ገባኝ። እመጣለሁ አልሁት፤ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠሁም።

በዋዜማው ሞጣ አድሬ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስደርስ ነርሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ባለቤቱ ከሌሎች እናቶች ጋር ልጇን ታቅፋ ውስጥ ናት። ብርድ ነበር። ነርሱ መንገዱን እያየ እንደማያይ ለመምሰል ይሞክራል። ካህኑ አንድ ጊዜ ወጥተው የክርስትና አባቱ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁ፤ ነርሱ ጥቂት እንዲታገሡት ለመናቸው። ካህኑም እኔን ከእግር እስከ ራስ አይተውኝ ተመለሱ።

ከዚያ ሾፌሩ መጣ። ነጠላውን አደግድጎ፣ በበትር ተደግፎ፣ አንድ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ጫማውን በከፊል አጥልቆታል። ነርሱን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም ብሎት አለፈና በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«መምህር የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?»

ነኝ አልሁት።

«ማን ቀድሞ ጠየቀ ያሉት?»

ነርሱ ይህንም ነግሮት ኖሯል። ይህ ሰው ለአበልጁ የማይነግረው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለ ሾፌሩ። «ምጥ ሲይዛት እርሱ ቢቸና ነበር። የውሃውን መኪና አስነሥቼ ሆስፒታል ያደረስኋት እኔ ነኝ። ሲወለድ በር ላይ ቆሜ ለቅሶውን ሰምቻለሁ። ይህን ልጅ ሌላ ሰው አያነሣውም ብዬ የወሰንሁት እዚያው ነው።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልጠየቅህም?» አልሁት።

ነርሱ ጠጋ ብሎ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ አንድ ጊዜ እርሱን፣ አንድ ጊዜ በትሩን አየ።

«አልዋሽዎትም፤ ኳሱንም አስቤያለሁ» አለ። «ልጁን ማንሣት እፈልግ ነበር። የግጥሚያው ቀን መቆረጡን ስሰማ ደግሞ ቶሎ ብጠይቀው አባቱ አይጋጨኝም አልሁ። ሁለቱንም ነው ያሰብሁት። ኋላ ግን ሳስበው አፈርሁ፤ ግራ ነኝ ሲለኝ አሰልጣኛችንን ለምኜ ክንፍ የቀየርሁት ለዚያ ነው። ተከትሎኝ ይመጣል አላልሁም።» የታሰረውን እግሩን በበትሩ ነካ አደረገው። «ተናድጄም ስልኩን አላነሣሁትም። እርሱንም አልደብቅም።»

ክንፍ የቀየርሁት አፍሬ ነው ማለቱን እስከ ዛሬ በሙሉ አላመንሁትም፤ ደካማው ሰው በዚያ በኩል መቆሙን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ግማሹን በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ነበር፤ እኔ ካናገርኋቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያደረገ እርሱ ብቻ ነው።

ካህኑ እንደገና ወጥተው ጠሩ። ነርሱ ወደ እኔ ዞረ፤ ማን የት እንደሚቆም እንደገና እንድነግረው የጠበቀ መሰለኝ። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ከግድግዳው ሥር ቆምሁ።

ነርሱ ገባና ልጁን ከእናቱ ተቀብሎ ወጣ። ሾፌሩ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ነርሱ ግን ወዲያው አልሰጠውም፤ ጎንበስ ብሎ የፋሻውን አስተሳሰር ተመለከተ፤ ያሰረው ሰው ሙያ እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ ልጁን አስታቀፈው።

«በታመመው እግርህ አትደገፍ» አለው። «ልጄን ይዘሃል።»